«ባለ 3 ቴስላ ይገዛልን» መልስ አይደለም

የራዲዮሎጂ ልጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው።

ከዲማ ተነስቶ፣ በሬውን ሸጦ ለኤምአርአይ የሚከፍል ገበሬ አለ። የአንጎሉ ምስል አንዱ ጎን ነጥቶ ሌላው ከጠቆረ፣ ጥላውን በሽታ፣ በሽታውን ጥላ ልንለው እንችላለን። ይሄ ቀልድ አይደለም!

ሰበቡ ሁሌ «ማሽኑ ደካማ ነው» ነው። ተሳስታችኋል። ምልክቱን የሚቀበለው ኮይል የቀረበውን ያጎላል፣ የራቀውን ያደበዝዛል። ማግኔቱ ሲጠነክር ደግሞ የሬዲዮ ሞገዱ ስለሚያጥር፣ በ3 ቴስላ የምስሉ አለመመጣጠን እንዲያውም ከ1.5 ይብሳል።

መፍትሔው እጃችሁ ላይ ነው። ጭንቅላቱን ኮይሉ መሀል አስተካክላችሁ አስቀምጡ። ብዙ ማሽኖች ላይ ያለውን የማመጣጠኛ ምርጫ አብሩ። በፈሳሽ የተሞላውን መሞከሪያ (ፋንተም) በየጊዜው አንሱና መዝግቡ። አንድ ዓይነት ፈሳሽ ተመጣጥኖ ካልታየ፣ ጥፋቱ የታካሚው አንጎል አይደለም። ለምርምር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኤን4 የተባለው ማስተካከያ በነጻ ይገኛል።

የዲማ ቅኔ ተማሪ ሰሙን ሳይለይ ወርቁን አገኘሁ አይልም። እኛስ ጥላውን ሳንለይ ውጤት የምንጽፈው በምን ድፍረት ነው?

ለማሽን ምርቃት ሪባን የምትቆርጡ ኃላፊዎችም ስሙ፦ ለሥልጠናና ለጥገና በጀት መድቡ። ገበሬው የከፈለው ለሪባኑ አይደለም።