የቮልሷ ባለቤት ማን ነው?

እብናት ቮልስዋገን ይዞ የሚገባ ሰው ሁለት ዓይነት አቀባበል ይጠብቀዋል። ልጆች ከኋላ ከኋላ እየሮጡ ያጅቡታል፤ ትልልቆቹ ደግሞ ከልባቸው ያዝኑለታል። ከአዲስ ዘመን መጥቼ፣ አቧራ እንደለበስኩ ከደጃቸው ስቆም አጎቴ የፊት ኮፈኗን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ «አንተ፣ ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ ያገኘኸው ይህችን ነው?» አሉኝ። ከፍቼ ሳሳያቸውማ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት «ሞተሩንም ሸጠኸዋል!» ብለው አማተቡ። ሞተሩ ከኋላ መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ ይኸው ቆርቆሮ «ክላሲክ» ይሆናል። አንድ ወጣት መንገድ ላይ አስቁሞኝ ልግዛት አለኝ። ሮዝ ቀለም ትቀባለች፣ አበባ ይለጠፍባታል፣ ለሰርግ ፎቶግራፍ ትከራያለች። ስለ ሞተሯ ልነግረው ስጀምር «እሱ ግድ የለም ወንድሜ፣ በጭነት መኪና እናመላልሳታለን» ብሎ አቋረጠኝ።

አጎቴና ይህ ወጣት ቢገናኙ አይግባቡም። በእኔ አስተያየት ግን ሃይማኖታቸው አንድ ነው። መኪና ለሁለቱም ሰው እንዲያየው የተሠራ ዕቃ ነው፤ አንዱ ያፍርበታል፣ ሌላው ይኮራበታል። ማን ያኖራታል ብሎ የጠየቀኝ አንድም የለም። ጠቤ እዚህ ላይ ነው።

ቮልስ ሲነሣ መቼም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሳይነሣ አይቀርም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነበር። ከዚያ ወዲህ የመኪናዋ ስም በአንዳንዱ ሰው ዘንድ ከውርደት ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። የስፖርት መኪና አምሮት ለሚያስቸግረው አንባቢ ግን አንድ ነገር ልንገረው። ፖርሽ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 በስሙ ያወጣው የመጀመሪያ መኪና፣ 356 የሚባለው፣ የተሠራው በአብዛኛው ከቮልስዋገን ዕቃ ነው። ቮልስን የነደፈው አባትየው ፌርዲናንድ፣ ፖርሹን ያወጣው ልጁ ፌሪ ነው። ለገበያ የቀረበው 356 ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ስለዚህ አሮጌ ፖርሽ ያለው የፈረንጅ ሀብታም ሌሊት የሚያባንነው ሐሳብና የእኔ ሐሳብ እምብዛም አይራራቁም። ልዩነታችን ኪሳችን ላይ ነው።

ምን ያባንናል? ቺንጋ ያባንናል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር የሚዞረው ከዲናሞው ጋር በአንዲት ቺንጋ ነው። እርሷ ከተበጠሰች ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ያኔ እዚያው ቆሞ መለወጥ ነው። «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» ያለ ሰው ሞተሩን ጠብሶት ይደርሳል። ቫልቩ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መለካት አለበት፤ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በአሮጌዎቹ ላይ የዘይቱ ማቀዝቀዣ የሦስተኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚሻማ ቶሎ የሚቃጠለው የዚያ ቫልቭ ነው።

የእኛ አገር ደጋ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ወረታ 1,800 ሜትር ግድም ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ይጠጋል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደ ለመደው ይቀዳል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ታስላለች። መፍትሔው ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ነው። ይህን የነገሩኝ ደብረ ታቦር ያገኘኋቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ካንዴላዬን አውጥተው አሸተቱና «ልጄ፣ ይህች መኪና ጠግባለች፤ አስጹሟት» አሉኝ።

ቀለም ለሚቀባው ወጣት የምነግረው ግን ከዚህም የከበደ ነበር። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውሃ አያጠፋውም። የሚያያይዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእርጅና የተሰነጠቀ፣ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል የቤንዚን ጎማ ቱቦ ነው። ሙሽራና ሙሽሪት የሚቀመጡት ከዚህ ፊት ለፊት ነው!

ጻድቅ ነኝ አልልም። የፍሬን ዘይቴን ሦስት ዓመት ሳልለውጥ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስወርድ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሰመጠ። የእኔዋ የፍሬን መስመሯ አንድ ብቻ ከሆነው ከአሮጌዎቹ ናት፤ አንዱ ከከዳ ሌላ የለም። በማርሽና በእጅ ፍሬን፣ በጸሎትም፣ ቆምኩ። ጥፋቱ የመኪናዋ ዕድሜ አልነበረም፤ የእኔ ስንፍና ነው።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ ጉልበት እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ጭሱንና ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ላየ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም፤ አልከራከርም። የምከራከረው የሚገባውን የሚቆጥር ሕግ ስለ ገባው ዝም ማለቱን ነው። አዲስ ካልገባ አሮጌው ሊኖር ነው። የሚኖረውስ በማን እጅ? ተሽከርካሪን በተመረተበት ዓመት ብቻ የሚመዝን ሰው፣ ፍሬኑ የተጠበቀ የ60 ዓመት ቮልስንና ፍሬኑ ያለቀ የ8 ዓመት ሚኒባስን እንዴት ይለያል?

ደብረ ታቦር ሄዶ ይህን አለመጠየቅ ደግሞ ያሳፍራል፤ ጋፋት እዚያው አጠገብ ነዋ! ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ የፈለጉት ባለሙያና የሥራ መሣሪያ ነበር። ፈረንጆቹን ማሰራቸው ሌላ ነገር ነው፤ ፍላጎታቸው ግን ግልጽ ነው፦ ዕቃውን ሳይሆን ዕቃውን የሚሠራውን እጅ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ጋፋት ላይ አሠርተው፣ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ አስጎተቱት። እኛ የተቀጠረልንን ነገር ገልብጠን ይዘነዋል፤ ዕቃው ይመጣል፣ እጁ ይሞታል።

ሽማግሌው መካኒክ አንድ ረዳት ነበራቸው፤ ባጃጅ ለመንዳት ትቷቸው ሄደ። አልፈርድበትም፣ ባጃጁ ማታውኑ ያበላዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጋራዡም አብሮ ይዘጋ ነበርና ወጣት ምን ይጠብቅ? እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በየቴክኒክ ኮሌጃችን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ትምህርት ሲከፈት፣ ጎን ለጎን ካርቡራተርና ቫልቭ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሳምንት ሁለት ቀን ተከፍሏቸው ያስተምሩ። ዲፕሎማ የላቸውም ተብሎ ከበር እንዳይመለሱ።

ቮልሷን ለወጣቱ አልሸጥኩለትም። ሽማግሌው ግን ዋጋ ቢጠሩ ሳልከራከር እሰጣቸው ነበር። ጠይቄያቸውም ነበር፤ «እኔማ መቼ አጣኋት» አሉኝ፣ ዘይት የነካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።