ፊደል የሚያጠፋ ጉድለት በዝምታ አይታለፍ

በደብረ ብርሃን ገበያ ገብስና ባቄላ የሚገዛ ነጋዴ ሚዛኑን የተጠራጠረ እንደ ሆነ፣ ልኩ የታወቀ የሚዛን ድንጋይ አንሥቶ ይመዝናል፤ ደግሞም ይመዝናል። ጉድለቱ ተደጋግሞ ሲታይ ሚዛኑን ለሚያርመው ሰው ያስታውቃል። ሚዛኑን ረግሞ ዝም የሚል ግን ኪሳራውን በየገበያው ቀን ይከፍላል።

ክቡራን አንባብያን፣ ዛሬ የዋጋ ዝርዝራችን፣ ውላችንና የዱቤ መዝገባችን በኮምፒዩተር የሚጻፍ ስለ ሆነ ይህንኑ መልካም ልማድ ወደ ጽሑፍ መሣሪያችን ልናዛውረው ይገባል። ማታ በአማርኛ የተጻፈ ዝርዝር ጧት ሲከፈት በፊደሉ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ቢገኝ፣ ብዙው ሰው «መሣሪያው አበደ» ብሎ እንደ ገና ይጽፋል እንጂ ምክንያቱን አይመረምርም።

ምክንያቱ ግን የሚታወቅ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያኖረው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አቀማመጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ለአውሮጳ ፊደላት የተሰናዳው የቀድሞው አቀማመጥ ግን ለፊደላችን ስፍራ የለውም። በኤክሴል የተሠራ የአማርኛ ሠንጠረዥ በተራው ሲኤስቪ ሲቀመጥ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህ ጥፋት ይደርሳል፤ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መምረጥ ያድናል። አለዚያ «ማር»ም «ጤፍ»ም እኩል ሁለት የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ፤ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላም ከምልክቱ ተነሥቶ ማሩን ከጤፉ የሚለይ ባለሙያ አይገኝም።

ሌላው ዐይነት ጉድለት ፋይሉ ደኅና ሳለ ፕሮግራሙ አሳስቶ ሲያነበው ነው። በቀድሞው የዊንዶውስ ኖትፓድ አራት፣ ሦስት፣ ሦስትና አምስት ፊደል ያላቸው አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ተጽፈው ከተቀመጡ በኋላ ሲከፈቱ የቻይና ፊደል የሚመስል ነገር ይታይ ነበር። ፕሮግራሙ የፋይሉን ዐይነት በግምት ስለሚወስን ሁለት ሁለቱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ቈጥሮ ነበር። ብዙዎች ምሥጢር ያለበት አስመሰሉት። ነገር ግን ጻፍ፣ አስቀምጥ፣ ዝጋ፣ ክፈት የሚለውን ቅደም ተከተል ማንም ሰው በቤቱ ሊደግመው ይችል ስለ ነበር ምሥጢሩ ተገለጠ፤ ስሕተቱም እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ታርሟል።

ከዚህ የምንማረው ሊደገም የሚችል ጉድለት ሊታረም እንደሚችል ነው። ስለዚህ ጉዳት ሲደርስ በተበላሸው ፋይል ላይ ምንም ሳይጨምሩ ቅጂውን ለይቶ ማኖር ይገባል። ቀጥሎም የደንበኛ ስምና ሒሳብ በሌለበት፣ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ባለው አዲስ ፋይል ጉድለቱን ደግሞ ማስከተል ነው። ከዚያም ለፕሮግራሙ ሠሪ የፕሮግራሙን ስምና እትም፣ የተፈጸመውን ተግባር በተራ፣ ይጠበቅ የነበረውንና የተገኘውን ለይቶ ጽፎ ከናሙናው ጋር መላክ ነው።

ሥራ የሚበዛበት ነጋዴ ለዚህ ጊዜ ከወዴት ያመጣል የሚል ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን አስመጪ ዕቃው ተጎድቶ ሲደርሰው ለመድን ድርጅት «ተበላሸብኝ» ብሎ ብቻ አይጽፍም፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የጉዳቱን ማስረጃ ያቀርባል። የፋይሉም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። ፕሮግራሞቹን የሚሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ፊደላችንን አያነቡም፤ የአንኮበር ባለ ሱቅ ካልነገራቸው የጠፋበትን ነገር ከወዴት ያውቁታል?

የንግድ ምክር ቤቶችም የአባሎቻቸውን ማመልከቻ አሰባስበው በአንድነት ቢልኩ ድምፁ ይበልጥ ይሰማል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፣ ዝም ያልንበት ጉድለት ነገም የሌላውን ነጋዴ መዝገብ ሲያጠፋ ይኖራል።