ፊልም ለመጋዘን አልተሠራም

«የቆየ ፊልም ዛሬ ማን ያየዋል?» የሚል ጥያቄ ኪነ ጥበብ በሚወሳባቸው መድረኮች ሁሉ ደጋግሞ ይሰማል። ጥያቄ ይምሰል እንጂ ፍርድ ነው፤ ያውም ተከሳሹ ሳይቀርብ፣ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ። ሕዝብ አይቶ ያልወደደው ሥራና ሕዝብ እንዲያየው ዕድል ያልተሰጠው ሥራ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን የሚጥለው የተመልካች ሚዛን ነው፤ ሁለተኛውን የሚጥለው የኃላፊነት መጓደል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቀደሙት የኢትዮጵያ ፊልሞች ከቴሌቪዥንም ሆነ ከኢንተርኔት የፊልም ማሳያዎች የራቁት ስላረጁ ሳይሆን ባለቤት ስላጡ መሆኑን ማስረዳትና፣ ይህም ሊታረም እንደሚችል መሟገት ነው።

ነገሩን በአንድ ንጽጽር እንጀምር። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ዛሬም በመጻሕፍት መደብሮች ይሸጣል፤ መምህራን ይጠቅሱታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከበት ድምፅ ደራሲውም ተራኪውም ካለፉ በኋላ መደመጡን አላቋረጠም። ከዚህ መጽሐፍ አንድ ዓመት ቀደም ብላ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተሰኘችው ጥቁርና ነጭ ፊልም ለሕዝብ ቀረበች። ኢላላ ኢብሳ ያዘጋጃት፣ ላምብሮስ ዮካሪስ በዳይሬክተርነት የመራት ይህች ሥራ የአገራችን የመጀመሪያዋ ሙሉ የልብ ወለድ ፊልም ተብላ ትታወቃለች። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ መጽሐፉ፣ ፊልሟና ቴሌቪዥኑ እኩዮች ናቸው። ሆኖም ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ያልሰማ ተማሪ እምብዛም በማይገኝበት አገር፣ ሂሩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያያት ተማሪ ማግኘት ብርቅ ሆኗል። ስሟ የፊልም ታሪካችን በተነሣ ቁጥር ይጠራል፤ እሷ ግን አትቀርብም።

እኔ ለመድረክ የምጽፍ ሰው እንደመሆኔ የቴአትርን ዕጣ ፈንታ አውቀዋለሁ። መጋረጃው ሲዘጋ የዚያች ምሽት ትርኢት አብቅታለች፤ የሚተርፈን ጽሑፉ ነው። የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ዛሬ አንድ የክፍለ ሀገር የቴአትር ቡድን ከመጽሐፉ አንሥቶ ሊያጠናው ይችላል። ፊልም ግን የተዋናዩን ፊት፣ የድምፁን ቃና፣ የከተማውን ጎዳናና የዘመኑን አለባበስ እንዳለ ይዞ ለልጅ ልጅ የሚያስተላልፍ ጥበብ ነው ሲባል ኖሯል። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። በየምሽቱ ያልፋል የተባለው ቴአትር በጽሑፍ ሲኖር፣ አያልፍም የተባለው ፊልም ከዓይን ተሰውሯል። ቴአትርን ሌላ ቡድን እንደገና ሊያነሣው ይችላል፤ የጠፋን ፊልም ግን ማንም እንደገና ሊጫወተው አይችልም።

ሂሩትም ብቻዋን አይደለችም። ሚሼል ፓፓታኪስ ደም የመመለስን ልማድ መነሻ አድርጎ በ1960ዎቹ የሠራው «ጉማ» አለ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የፊልም ባለሙያዎቻችን ሲሸለሙበት የቆየው የጉማ ሽልማት ስያሜውን ያገኘው ከዚህ ሥራ ነው። ሽልማቱን ከተቀበሉት ወጣቶች መካከል ፊልሙን ራሱን ያየው ስንቱ ይሆን? ስሙን አክብሮ ሥራውን መርሳት፣ ተዝካር ደግሶ የሟቹን መቃብር አለማወቅ ማለት ነው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1974፣ አሮጌው ሥርዓት በሚያበቃበት ወቅት፣ የባላባቱንና የጭሰኛውን ኑሮ የቀረጸበት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አለ። የታሪክ መምህር ስለ ጭሰኝነት በቃል የሚያስረዳውን ሁሉ ይህ ፊልም በዓይን ያሳያል፤ ግን ወደ ስንቱ የታሪክ ክፍል ገብቷል? ሰሎሞን በቀለ ወያ በ1980ዎቹ ያቀረበውን «አስቴር»ንስ አንድ መምህር ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ቢነሣ ከወዴት ይጠይቅ?

በአንጻሩ፣ አሜሪካውያን በከፊል በአገራችን ቀርጸው፣ ደበበ እሸቱን አሳትፈው እ.ኤ.አ. በ1973 ለዕይታ ያበቁት «ሻፍት በአፍሪካ» በዲቪዲ ለገበያ ቀርቧል። ዘመኑ ከ«ጉማ» ዘመን ብዙ አይርቅም፤ ምድሩም ያው የእኛ ምድር ነው። አንዱን ከገበያ ያደረሰው፣ ሌላውን ከመደርደሪያ ያስቀረው የጥበብ ደረጃ አይደለም። አንዱ መብቱን ቆጥሮ፣ ቅጂውን ጠብቆ የሚያወጣ ባለቤት አለው፤ ሌላው የለውም። አበው «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ያሉት ለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በተቃራኒ ወገን የሚቀርቡትን መከራከሪያዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው «ተመልካቹ አዲስ ነገር ነው የሚሻው» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጠናቀቅ የአሜሪካ ትልልቅ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። አዘጋጁ ከከተማ ከተማ አዳራሽ እየተከራየ አሳየው፤ ሕዝቡም መጣ። ከ28 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021፣ ፊልሙ ታድሶ በአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት በአሬይ አማካይነት በኔትፍሊክስ ለዓለም ተመልካች ቀረበ። ፊልሙ አንድ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አላነሰም፣ አላረጀም። የተገኘው አዲስ ነገር በሩን የሚከፍት ሰው ነው። ተመልካች ያላየውን ሊሻ አይችልም፤ ስለሆነም በሩን የዘጋ ሰው «ማንም አላንኳኳም» ብሎ ሊከራከር አይገባውም።

ሁለተኛው «ዛሬ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ይገኛል» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ዘመናዊ ይመስላል፤ ግን ከእውነት የራቀ ነው። የኢንተርኔት የፊልም ማሳያዎች የኪራይ ቤት እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይደሉም። አብዛኛውን ፊልም የሚይዙት በጊዜ በተወሰነ ውል ነው፤ ውሉ ሲያበቃ ፊልሙ ይወርዳል። የራሳቸውን ሥራ እንኳ ሲያነሡ ታይተዋል። ዲዝኒ «ክሬተር» የተሰኘውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በራሱ ማሳያ አቅርቦ ከሰባት ሳምንት በኋላ አወረደው። የሰባት ሳምንት ዕድሜ ያለው ፊልም ይህ ከደረሰበት፣ የስድሳ ዓመቷ ሂሩት በእነዚህ ድርጅቶች ደጅ ምን ተስፋ አላት? ኔትፍሊክስም ለ25 ዓመት ያካሄደውን ዲቪዲ በፖስታ የማከራየት አገልግሎት በዚያው ዓመት ሲዘጋ፣ በዲቪዲ ብቻ ይገኙ የነበሩ የቆዩ ፊልሞች ለብዙ ተመልካች ራቁ። አንድ ሰው ከካሴት ላይ ገልብጦ በኢንተርኔት የጫነው፣ ድምፁ የታፈነ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ቅጂ ቢገኝ እንኳ ባለመብቱ ሳንቲም የማያገኝበት፣ ነገ ለመጥፋቱም ማንም የማይጠየቅበት ነው። ይህ መገኘት ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው መከራከሪያ የበለጠ አሳሳች ነው። «ፊልሞቹ በጥንቃቄ ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ አልጠፉም» ይላል። ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ግን ግማሽ ሥራ ነው። የኃይሌ ገሪማ የዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ቻርልስ በርኔት የሠራው «ኪለር ኦቭ ሺፕ» እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ላይ እንደ ቅርስ ሰፈረ። ሆኖም በፊልሙ ውስጥ ያሉት የሙዚቃ ሥራዎች የመብት ክፍያ ስላልተፈጸመ እስከ 2007 ድረስ በመደበኛ መልክ በሲኒማ ቤቶች ሊሠራጭ አልቻለም። በመጨረሻ የተከፈለው ገንዘብ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። አገሩ ቅርስ ነው ብሎ የመዘገበውን ሥራ የአገሩ ሕዝብ 17 ዓመት ጠበቀው። ከዚህ የምንማረው መመዝገብና ማስቀመጥ ከማሳየት ተለይተው ሲታዩ ቅርሱ ለሕዝብ እንደማይደርስ ነው።

ቁሱም ቢሆን ተቀምጦ አይጠብቀንም። በአሲቴት የተሠራ የፊልም ጥቅል ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ኮምጣጤ የሚሸት አሲድ እያወጣ ይኮማተራል፣ ይሰባበራል። የቪዲዮ ካሴት ማግኔታዊ ሽፋን ይረግፋል፤ ካሴቱ ቢተርፍ ማጫወቻው ይጠፋል። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ምርቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሀብት ያላቸው አገሮችም ከዚህ አላመለጡም። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1929 በአሜሪካ ከተሠሩት ወደ 11,000 ከሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ መልካቸው ተሟልተው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። እነርሱ ከብዙ ሺህ ውስጥ አጡ፤ እኛ ግን በሴሉሎይድ የሠራናቸው ረጃጅም ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ አንዷን ብናጣ የታሪካችንን ትልቅ ክፍል አጣን ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል መባሉ ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አራተኛው መከራከሪያ በቅንነት የሚቀርብ በመሆኑ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። «ጤናና ትምህርት በሚጓደልበት አገር ለአሮጌ ፊልም ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ቡርኪና ፋሶ ከእኛ የበለጠች ባለጸጋ አይደለችም። ዳሩ ግን የፌስፓኮን የፊልም በዓል ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምራ ስታስተናግድ ኖራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች የሚጠበቁበት ሲኒማቴክ ተቋቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2017 የማርቲን ስኮርሴዚ የፊልም ፋውንዴሽን፣ የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ፌዴሬሽንና ዩኔስኮ 50 የአፍሪካ ፊልሞችን ፈልጎ ለማደስ ሲስማሙ፣ ቅድሚያ ካገኙት ሥራዎች አንዱ የሞሪታኒያዊው ሜድ ሆንዶ «ሶሌይ ኦ» ነበር። እርዳታ የሚደርሰው ንብረቱን ቆጥሮ፣ የት እንዳለ አውቆ ለሚጠይቅ ነው። ለመቁጠር ደግሞ የሚያስፈልገው ከገንዘብ ይልቅ የሰው ትጋት ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ፊልም አፍቃሪዎች ናፍቆት ተደርጎ እንዳይታይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ካሜራውን ይዞ ነበር የመጣው። ያኔ የተቀረጸው ፊልም ሮም በሚገኘው በኢስቲቱቶ ሉቼ መዝገብ ተጠብቆ፣ ታርሞና ተሰድሮ፣ በኢንተርኔት ሳይቀር ይታያል። ወራሪው ስለ እኛ የቀረጸው ሲታይ፣ እኛ ስለ ራሳችን የቀረጽነው ካልታየ፣ የነገው ልጅ አያቶቹን የሚያያቸው በማን ዓይን ነው? ወጣቱ ፊልም ሠሪም የቀደሙትን ካላየ ከእነርሱ ሊማር ቀርቶ ሊከራከራቸው እንኳ አይችልም። በየአሥር ዓመቱ «የመጀመሪያው» የሚባል ሥራ የሚታወጀው፣ ያለፈውን የሚያስታውስ ተመልካች ስለጠፋ ጭምር ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ በመንግሥት ተቋማት፣ በግለሰቦች እጅና በውጭ አገር ላቦራቶሪዎች ያሉት ኔጋቲቮችና ቅጂዎች ይቆጠሩ፤ ዝርዝሩም ለሕዝብ ይውጣ። ሁለተኛ፣ መጽሐፍ ሲታተም ቅጂው ለወመዘክር እንደሚገባ ሁሉ፣ ፊልም ሲሠራ ጥራቱን የጠበቀ ቅጂ የማስረከብ ግዴታ በተግባር ይዋል። ሦስተኛ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ባለመብቱን እንደሚጠብቅ አይዘንጋ፤ አዘጋጆችና ወራሾቻቸው ተፈልገው ተገቢው ይከፈላቸው። የባለመብቱ አለመታወቅ ፊልሙን ለዘለዓለም መቆለፊያ ሰበብ አይሁን። አራተኛ፣ ብሔራዊው ቴሌቪዥን በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ያውም ሰው በሚተኛበት ሳይሆን ሰው በሚያይበት ሰዓት፣ ለቀደሙት ፊልሞች ይመድብ፤ ከፊልሙ በፊትም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዐሥር ደቂቃ ያስረዳ።

ይህ ሁሉ ከአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይጠበቅም። በባህል ሥራ ላይ የተሰማራችሁ ኃላፊዎች በዓመታዊ ዕቅዳችሁ ውስጥ ቆጠራውን በስሙ ጥቀሱት፤ ያልተጠቀሰ ሥራ በጀት የለውም። መምህራን ቅጂ እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጥያቄው ሲበዛ «ማን ያየዋል?» የሚለው አፍ ይዘጋል። ከያንያን፣ በተለይም በእነዚያ ፊልሞች የሠራችሁ አንጋፎች፣ ያላችሁን ጥቅል፣ ካሴት፣ ፎቶግራፍና የፊልም ጽሑፍ አስመዝግቡ፤ የምታስታውሱትንም ተናገሩ፤ ከጊዜ በኋላ የሚጠየቅ አይገኝምና።

ፊልሞቹ ሲሠሩ ሕዝብ ትኬት ቆርጦ፣ ተሰልፎ ያያቸው ነበሩ። የተሠሩት ለእርሱ ነውና ለእርሱ ይመለሱ። አይቷቸው አይረቡም ካለ ፍርዱን እንቀበላለን፤ ሳያያቸው በስሙ የሚፈርድን ግን ማንም ቢሆን ልንቀበለው አይገባም።