የአዲስ አበባ አንጋፋ ጠማቂ ፋብሪካ አይደለም

ስለ አዲስ አበባ የድሮ ጠመቃ ወሬ ሲነሳ ጨዋታው ከሜክሲኮ አያልፍም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1922 የተቋቋመው የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ፣ የብቅሉ ሽታ፣ ድራፍቱ ይወሳል። ቀጥሎ የሰበታው ሜታ ይጠራል። ከዚያ «ደግ ዘመን ነበር» ተብሎ ታሪኩ ይዘጋል።

ከመዘጋቱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ። ጠርሙስ ከመምጣቱ በፊት፣ ከመጣም በኋላ ጠርሙስ መግዛት የማይችለውን ሕዝብ ሲያጠጣ የኖረው ማን ነው? በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ ደጃፏ ላይ የተከለች ጠላ ሻጭ ናት። ምልክቷ ያቺ ጣሳ ነበረች፤ ሌላ ማስታወቂያ አልነበራትም።

«ጠላ እኮ የቤት ነገር ነው፣ ከፋብሪካ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አይጠፋም። ያገናኘዋል እንጂ! ፋብሪካው ገብስ አብቅሎ ብቅል ያደርጋል፤ እሷም ታደርጋለች። ፋብሪካው መራራነቱን ከሆፕ ያገኛል፤ እሷ ከጌሾ። ፋብሪካው ጋኑን በኬሚካል ያጥባል፤ እሷ በግራዋ አሽታ በወይራ ታጥናለች። ጥንስሱ መቼ ድፍድፍ እንደሚሆን፣ እንኩሮው ምን ያህል መታመስ እንዳለበት፣ በብርድና በሙቀት ስንት ቀን እንደሚቆይ ያለ ቴርሞሜትር ታውቃለች። ይህ ሙያ ካልተባለ ሙያ የሚባለው ምንድን ነው?

በዚያ ጋን ስንት ልጅ አደገ! የቤት ኪራይ ተከፈለ፣ ደብተር ተገዛ፣ ዕቁብ ተጣለ። ዛሬ ሆቴል ተቀምጦ የቢራ ዓይነት የሚያማርጠው ስንቱ ምሁር የተማረው በእናቱ ጠላ ነው። እናቱ ምን ትሠራ እንደነበር ሲጠየቅ ግን «የቤት እመቤት» ብሎ ያልፋል።

ጠላ ቤት ገነት ነበር የሚል የለም። ስካር ነበር፣ ጠብ ነበር፣ የሰካራም ስድብ የምትችለውም እሷው ነበረች። ጭሱ ዓይኗን በልቷል፣ እንስራው ወገቧን ሰብሯል። ይህ ግን ለመርሳት ምክንያት አይሆንም። ቢራ ቤትም ሰካራም አጥቶ አያውቅም፤ የቢራው ታሪክ ግን በኩራት ይተረካል።

ልዩነቱ የወረቀት ነው። ፋብሪካው ሲወረስ አዋጅ አለው፣ ለፈረንሳዩ ካስቴል ሲሸጥ ውል አለው፣ የተቋቋመበት ዓመት ጠርሙሱ ላይ ታትሟል። ጠላ ቤቱ ሲፈርስ የሚመዘገበው የቤት ቁጥሩ ብቻ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲነሱ ስንት ጋን አብሮ እንደተሰበረ የቆጠረ የለም። ሴትዮዋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጋን ጥዳ፣ ወይራ አጢሳ አትጠምቅም። ቤት አገኘች ይባላል፤ እንጀራዋ ግን ቀርቷል።

ስለዚህ የከተማዋን የጠመቃ ትዝታ አቆያለሁ የሚል የጠርሙስ ክዳን ከመሰብሰቡ በፊት በሕይወት ያሉትን ጠማቂ እናቶች ይጠይቅ፤ ድምፃቸውን ይቅረጽ፣ አሠራሩን ይጻፍ። ከተማዋም በየኮንዶሚኒየሙ ለጋራ ማብሰያ ተብለው ከተሠሩት ቤቶች ጥቂቱን ፈቃድ ሰጥታ ትልቀቅላቸው። ለፋብሪካ መሬት ያልጠፋባት ከተማ ለጥቂት ጋን ማስቀመጫ አይጠፋባትም።