መኪናን አማርኛ የሚያስተምረው ማን ነው?

ኮምፒዩተር የሰውን ቋንቋ እንዲያነብ፣ እንዲሰማ፣ እንዲተረጕምና እንዲመልስ ለማድረግ የሚደረገው ጥረት ዛሬ ብዙዎች ካሰቡት በላይ ተራምዷል። በግቢያችንም ከዚሁ መኪና ጋር የማይማከር ተማሪ እየጠፋ ነው። ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ ብዙ ይወራል። ነገር ግን «የእኛን ቋንቋ ማን፣ ከየትኛው ጽሑፍ፣ በማንስ ፈቃድ አስተማረው?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ሥራ ለሌላ የሚተው አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግዴታ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት። በ1954 እ.ኤ.አ. የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲና አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ከ60 የሚበልጡ የሩስያ ዐረፍተ ነገሮችን በኮምፒዩተር ወደ እንግሊዝኛ አስተርጕመው ለሕዝብ አሳዩ። መኪናው የሚያውቀው 250 ቃላትና 6 ደንቦች ብቻ ነበር። ቢሆንም የትርጕም ችግር በ3 ወይም በ5 ዓመት ውስጥ ይወገዳል ተባለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. አልፓክ የተባለው የአሜሪካ ኮሚቴ ሥራው ከተስፋው እጅግ በታች መሆኑን ገለጸና የገንዘቡ ድጋፍ ቀነሰ። ከጊዜ በኋላ ግን መንገዱ ተለወጠ። የሰዋስው ደንብ ጽፎ መስጠት ቀርቶ፣ መኪናው ብዙ ጽሑፍ እያነበበ ከየትኛው ቃል ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ራሱ እንዲገምት ተደረገ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ትራንስፎርመር የተባለው አሠራር ዛሬ ለምናየው አብዛኛው ነገር መሠረት ሆነ።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። መኪናው በደንብ በሚሠራበት ዘመን ለአንድ ቋንቋ የሚያስፈልገው ጎበዝ የሰዋስው ሊቅ ነበር። ዛሬ ግን የሚያስፈልገው ብዙና ልዩ ልዩ ዐይነት ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ብዙ የተጻፈበት ቋንቋ ባለጸጋ፣ ጥቂት የተጻፈበት ደግሞ ድኻ ሆኖ ተገኘ። ድኽነቱ ግን የቋንቋው ሳይሆን የተሰበሰበው ጽሑፍ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ማእከል ከ1000 የሚበልጡ የዋልታ ዜናዎች ተወስደው 210000 ያህል ቃላት እያንዳንዳቸው ስም፣ ግስ፣ ቅጽል እየተባሉ በሰው እጅ ተለይተው ነበር። ይህ የሚመሰገን ድካም ለብዙ ምርምር መነሻ ሆኗል። ይሁን እንጂ ዜና ዜና ነው። ከዜና ብቻ የተማረ መኪና ሁሉም ሰው «ገለጸ» እና «አስታወቀ» ይመስለዋል እንጂ እናት ልጅዋን እንዴት እንደምትቈጣ፣ ገበሬ በሬውን እንዴት እንደሚያናግር፣ ነጋዴና ገዢ በዋጋ እንዴት እንደሚከራከሩ ከወዴት ያውቃል?

የቋንቋችንም ጠባይ የራሱ ችግር አለው። «አላስነበብናቸውም» የምትለውን አንዲት ቃል ብንፈታት አድራጊው፣ ተደራጊዎቹ፣ አስደራጊነቱ፣ ኀላፊው ጊዜና አሉታው ሁሉ በውስጧ ይገኛሉ። ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅንና ማላላትን አያመለክትም። «ይበላል» ተብሎ ሲጻፍ ሰውየው በላተኛ ይሁን ወይስ እንጀራው የሚበላ ይሁን፣ «ገና» ሲባል በዓሉ ይሁን ወይስ ጊዜው አለመድረሱ፣ አንባቢው ከአገባቡ ይረዳል። መኪናውም ከአገባቡ እንዲረዳ ብዙ ምሳሌ ማየት አለበት። በዚህ ላይ ዛሬ በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» 9 ባይት ሲሆን ያው ቃል በላቲን ቢጻፍ 5 ብቻ ነው። ብዙዎቹ መኪናዎች ጽሑፍን እየቆራረጡ ስለሚያነቡ፣ የእኛ ጽሑፍ በብዙ ቍራጭ ተበታትኖ ይበልጥ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል።

አንዳንዶች «እንግዲያውስ ቋንቋውን ለመኪናው እናቅልለው» ይላሉ። ብዙ የአማርኛ ፕሮግራሞች ቍጥር ከመጀመራቸው በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ ይለውጣሉ። ቃል ለመፈለግ ይህ ይጠቅማል፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ፀሐይ የሠረቀችበትና ሌባ የሰረቀበት አንድ ሆነው እንዲቀሩ የሚወስን አንድ የፕሮግራም ጸሐፊ መሆን የለበትም። የጽሕፈት መኪናም በመጣ ጊዜ ከ200 የሚበልጠው ፊደላችን በገበታው ላይ አልበቃ ስላለ ፊደሉ ይቀነስ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። እነ ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናውን ለአማርኛ ለማስገዛት ደከሙ። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ቍጥር አግኝቶ ገባ። ስለዚህ የሚሠራ ሰው ከተገኘ መኪናው ለቋንቋ ይገዛል፤ ካልተገኘ ቋንቋው ለመኪና ይገዛል።

እስካሁን ስለ ጽሑፍ ተናገርሁ። ሰው ግን የሚነጋገረው በቃል ብቻ አይደለም። በ1976 እ.ኤ.አ. ማክገርክና ማክዶናልድ የተባሉ ሊቃውንት፣ ጆሮ «ባ» እየሰማ ዐይን «ጋ» የሚል ከንፈር ቢያይ ሰውየው «ዳ» የሰማ እንደሚመስለው አሳይተዋል። እኛም አገር ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎን» የሚል፣ በቅንድቡ የሚያጸድቅ፣ በዝምታው የሚከለክል ብዙ ነው። ድምፅን ወደ ጽሑፍ ብቻ የሚገለብጥ መኪና ለዚህ ሁሉ ቦታ የለውም። መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። በ1960 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ስቶኪ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዐት ያለው ሙሉ ቋንቋ እንጂ ተራ ጥቅሻ አለመሆኑን አስረዳ። በኢትዮጵያ የጣት ፊደልም ተነባቢው በእጅ ቅርጽ፣ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለው ድምፅ በእጅ እንቅስቃሴ ይገለጻል። ፊደላችን በእጅ ላይ እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ የምልክት ቋንቋውን የሚያይ ኮምፒዩተር ለመሥራት የምንሰበስበው ፊልም የት አለ?

«ሕዝቡ የሚበላው ሳይኖረው ስለ መኪና አማርኛ ምን አስጨነቀህ?» የሚል አይጠፋም። በ2021 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ሆገን የተባለች የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ በሕግ አውጪዎች ፊት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳ፣ ኩባንያው ጎጂ ጽሑፍን የሚቈጣጠርበት ዘዴ ከአገሪቱ ቋንቋዎች ለጥቂቶቹ ብቻ እንደሚሠራ ተናግራለች። ያን ጊዜ አገራችን በጦርነት ላይ ነበረች። በቅኔና በሽሙጥ የሚናገር ሕዝብ ቃሉን የማይረዳ መኪና ሲፈርድበት፣ የጥላቻው ቃል ያልፋል፤ ቀልዱ ይቀጣል። ስለዚህ ነገሩ የቅንጦት አይደለም፤ የደም ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ደግሞ «ታላላቆቹ ኩባንያዎች ይሠሩታል» ይላል። እውነት ነው፣ ጉግል አማርኛን በ2016፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን በ2022 እ.ኤ.አ. በትርጕም መሣሪያው ውስጥ አስገብቷል። ለዚህ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ኩባንያ የሚሠራው ገበያው በሚያዋጣው መጠን ነው። አገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች አሏት፤ ለትንሹ ቋንቋ ማን ይደርስለታል? እኛም አማርኛ ተሳካልን ብለን የቀሩትን ብንረሳ ሌሎቹን የምንወቅስበትን በደል ራሳችን መፈጸማችን ነው።

ስለዚህ ለኅብረታችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ ቃል፣ ድምፅ ወይም ፊልም የሰበሰበ ተማሪ ሁሉ፣ የተናጋሪዎቹን ፈቃድ እስካገኘ ድረስ አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ያስቀምጥ። ዛሬ የአንዱ የወራት ድካም ከምረቃው በኋላ ከኮምፒዩተሩ ጋር ይጠፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ተማሪ ያንኑ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ መኪናው የሚፈተንበትን ጥያቄ ከእንግሊዝኛ እየተረጐምን ሳይሆን ከራሳችን ኑሮ አውጥተን እንጻፍ። ተረትና ምሳሌን፣ አንቱታን፣ ሽሙጥን የማያውቅ መኪና አማርኛ ዐወቀ አይባልም። ሦስተኛ፣ የኮምፒዩተር፣ የቋንቋና የምልክት ቋንቋ ተማሪዎች፣ መስማት የተሳናቸው ጓደኞቻችንና የቅኔ ዐዋቂዎች በአንድ ክበብ ይሰብሰቡ። ዛሬ አንዱ ቍጥሩን ያውቃል ቋንቋውን አያጠናም፤ ሌላው ቋንቋውን ያጠናል ቍጥር ሲያይ ይሸሻል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና መተባበርን ነው። እኛ ግን ከፍ ያለ ማርክ ለማግኘት የውጭ አገር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮችን ስንመረምር እንውላለን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእንደኛ ዐይነቱ ነው። መኪናው ከእንግዲህ አማርኛ መማሩ አይቀርም። ከማን ተማረ የሚለውን ግን ገና ልንወስነው እንችላለን።