የጆርናሎች ትብብር፦ ከይፋት ማሳ የወጣ ዕውቀት ወደ ይፋት እንዲመለስ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ የሚደረስበት የይፋት ቆላ በሽንኩርት፣ በማሾ፣ በማሽላና በማንጎ ምርቱ ይታወቃል። አካባቢው የአርሶ አደሩ መተዳደሪያ ብቻ ሳይሆን የግብርና ተመራማሪዎች፣ የጤና ባለሙያዎችና የታሪክ አጥኚዎች የጥናት መስክም ነው። የጥናቱ ውጤት ግን ለአካባቢው ሕዝብ ምን ያህል ይደርሳል የሚለው ጥያቄ አሁንም በቂ ምላሽ አላገኘም።

በቀወት ወረዳ የሚሠራ አንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ በማሽላ ማሳ ላይ ስለሚበቅለው አቀንጭራ ወይም የሽንኩርት ምርትን ስለሚቀንሱ ተባዮች የተካሄደ ጥናት ቢፈልግ ከሁለት እንቅፋቶች አንዱ ይገጥመዋል። ጥናቱ በውጭ አገር ጆርናል ታትሞ ከሆነ ለማንበብ በውጭ ምንዛሪ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። በአገር ውስጥ ታትሞ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ቅጂዎቹ ከአሳታሚው ተቋም ቤተ መጻሕፍት አልፈው ላይወጡ ይችላሉ። በሁለቱም መንገድ በመንግሥት በጀት፣ ማለትም በሕዝብ ገንዘብ የተገኘ ዕውቀት ከባለቤቱ እንደራቀ ይቀራል።

ችግሩ መፍትሔ እንዳለው የሚያሳይ ምሳሌ ከዚያው ከይፋት ማግኘት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1285 እስከ 1415 የቆየው የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሽ በአካባቢው ይገኛል። አስባሪ፣ መሳልና ኖራ የተባሉትን ሦስት ጥንታዊ የሙስሊም ከተሞች የተመለከተው የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው “አናል ዴትዮፒ” በተሰኘው ጆርናል ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተው ይህ ጆርናል የቆዩ ዕትሞቹ “ፐርሴ” በተባለው የፈረንሳይ የጋራ ዲጂታል ማከማቻ ስለገቡ ኢንተርኔት ያለው ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነባቸው ይችላል። የሸዋ ሮቢት የታሪክ መምህርም ስለ አካባቢው የተጻፈውን ከክፍሉ ሆኖ መመልከት ይችላል ማለት ነው። የሚቀረው እንቅፋት ጽሑፉ በፈረንሳይኛ መሆኑ ነው።

አገራችን በምሁራዊ ኅትመት ረገድ አጭር የማይባል ታሪክ አላት። “ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል” እ.ኤ.አ. በ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚያሳትመው “ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ” ደግሞ በ1963 መታተም ጀምረዋል። በ1978 የሳይንስ ጆርናሉ “ሲኔት” ተከትሏል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በፍጥነት በማደጉ፣ ለሸዋ ሮቢት ቅርብ የሆኑትን የደብረ ብርሃንና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ በየክልሉ አዳዲስ የምርምር ማዕከላት ተፈጥረዋል። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸውን ጆርናል አቋቁመዋል።

የጆርናሎች መብዛት በራሱ አበረታች ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጆርናል ለብቻው አርታኢ፣ ገምጋሚ፣ ድረ ገጽና በጀት ሲፈልግ ውስን የሆነው አቅም ይበታተናል። አርታኢዎቹ በአብዛኛው የማስተማር ሥራ ያለባቸው መምህራን ናቸው። በአንድ ሙያ ያሉት ጥቂት ከፍተኛ ተመራማሪዎች ደግሞ ለብዙ ጆርናሎች ገምጋሚ ሆነው ይጠራሉ። በዚህም ምክንያት ዕትሞች ይዘገያሉ፤ ዕድገት የሚጠብቁ ወጣት መምህራንም ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ ወደሚያትሙ አሳሳች ጆርናሎች እንዲሄዱ ይገፋፋሉ።

የትብብርን ጥቅም ሌሎች አገሮች በተግባር አሳይተዋል። በብራዚል እ.ኤ.አ. በ1998 በሕዝብ ገንዘብ የተጀመረው “ሳይኤሎ” የላቲን አሜሪካን ጆርናሎች በአንድ መድረክ አሰባስቦ ጽሑፎቻቸውን በነጻ ያቀርባል፤ ደቡብ አፍሪካም ተቀላቅላዋለች። ጆርናሎቹ ግን የራሳቸውን የአርትኦት ነጻነት እንደያዙ ናቸው። በዚያው ዓመት የተጀመረውና እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ከደቡብ አፍሪካ የሚመራው “የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን” ከኢትዮጵያ የወጡ በርካታ ጆርናሎችን አካትቷል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ጆርናል ጽሑፎችም በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በሚተዳደረው “ፐብሜድ ሴንትራል” ሙሉ ለሙሉ ይነበባሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ጆርናሎቹን በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ማቅረቡ በአገር ውስጥ መነሻ የሚሆን ልምድ መኖሩን ያመለክታል።

የፖሊሲ መሠረቱም ተጥሏል። በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የሚካሄዱ ምርምሮች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና መረጃዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ይጠይቃል። ውጤቶቹ በብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡም ይደነግጋል። ዩኔስኮ በኖቬምበር 2021 ያጸደቀው የክፍት ሳይንስ ምክረ ሐሳብም ይህንኑ አቅጣጫ የሚደግፍ ነው።

ክፍት ተደራሽነት ሲባል ግን ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው መታየት ይኖርበታል። “ኔቸር” የተባለው ታዋቂ ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አንድን ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለማሳተም ያስቀመጠው ዋጋ 9,500 ዩሮ ነበር። አንባቢውን ከክፍያ ነጻ አድርጎ ሸክሙን በጸሐፊው ላይ የሚጥል አሠራር ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በሩን ከሌላ አቅጣጫ የሚዘጋ ነው። ከአንባቢም ሆነ ከጸሐፊ ክፍያ የማይጠይቀውና “ዳይመንድ” የሚል ስያሜ የተሰጠው አሠራር ለአገራችን ሁኔታ ይበልጥ የሚስማማ ይመስላል። ይህ ደግሞ ተቋማት ወጪን በጋራ ካልተሸከሙ ሊዘልቅ አይችልም።

ትብብሩ በተጨባጭ ሥራዎች ሊጀመር ይችላል። ተቀራራቢ ሙያ ያላቸው ጆርናሎች የገምጋሚዎችን ዝርዝር በጋራ ሊይዙ፣ አንድ የኅትመት ሶፍትዌርና የቴክኒክ ባለሙያ ሊጋሩ፣ የጽሑፎችን ቋሚ መለያ ቁጥር በጋራ ሊገዙ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ለእያንዳንዱ ጥናት በቀላል አማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች አሕጽሮተ ጥናት ማዘጋጀት ቢለመድ የይፋት የልማት ሠራተኛ ዕውቀቱን ወደ ማሳ ለማውረድ ይችላል። የአርጎባ ወጣትም የቀደምቶቹን ታሪክ በሚገባው ቋንቋ ያነባል።

ሌላው ዐቢይ ጉዳይ የጥበቃ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሸዋ ሮቢትን ጨምሮ የአካባቢው ከተሞች ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ለዘረፋና ለውድመት ተዳርጎ ነበር። በአንድ ሕንጻ መደርደሪያ ወይም በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የተቀመጠ ጥናት በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ይህ አስተምሯል። ጆርናሎች ቅጂዎቻቸውን አንዱ በሌላው ዘንድ ቢያስቀምጡ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

አንዳንድ አርታኢዎች ትብብሩ የጆርናላቸውን መለያ እንዳያደበዝዝ፣ ከሽያጭ የሚገኘውንም ገቢ እንዳያሳጣ መስጋታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም መድረክን መጋራት የአርትኦት ውሳኔን አሳልፎ መስጠት አይደለም። የሚቀረውም ገቢ በተቋማት መደበኛ በጀት ሊተካ ይገባል። ፖሊሲው ያለ በጀት፣ ዲጂታል ማከማቻውም ያለማቋረጥ የሚያስገባ ሰው ሳይኖር የትም አይደርሱም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሁሉ ለየብቻ የሚንገዳገዱ ጆርናሎች አቅማቸውን ካስተባበሩ የአገሪቱን ምርምር ተነባቢ ማድረግ አያዳግታቸውም። ለዚህም ትምህርት ሚኒስቴር፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋማትና የሙያ ማኅበራት የየድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል። የትብብሩ ስኬትም የሚለካው በሚፈረሙት የመግባቢያ ሰነዶች ብዛት ሳይሆን የሸዋ ሮቢት አርሶ አደር በማሳው ላይ የተጠናውን ዕውቀት መልሶ ሲያገኝ ነው።