የልብስ ማጠቢያ መኪና ውሃ ሲዘገይበት ወንፊቱን መመልከት ይገባል

በአዲስ አበባ ከተማ የልብስ ማጠቢያ መኪና የገባባቸው ቤቶች እየበዙ ሄደዋል። ይህም የሚያስደስት ነገር ነው፤ መሣሪያው የእናቶችንና የእኅቶችን ድካም የሚያቃልል፥ ልብስንም በየጊዜው ላለማጽዳት ሰበብ የሚያሳጣ ነውና። ነገር ግን መኪናው ከገባባቸው ቤቶች ብዙዎቹ አንድ ዐይነት ስሞታ ያሰማሉ፤ ይኸውም «ውሃ አይስብም፥ ለመሙላት ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል» የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ «አይስብም» የሚለው አነጋገር ራሱ መታረም አለበት። መኪናው ውሃን ከቧንቧ የሚስብበት ኀይል የለውም። ሥራው በር ከፍቶ መጠበቅ ብቻ ነው። ጎማው በሚገባበት ቦታ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ አለ፤ ውሃው በራሱ ግፊት ገፍቶ ከመጣ ይገባል፥ ካልመጣ አይገባም። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ለዚህ ቫልቭ ቢያንስ ግማሽ ባር ያህል ግፊት እንዲደርሰው ይጠይቃሉ። ግማሽ ባር ማለት ከቫልቩ በላይ 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የቆመ ውሃ የሚሰጠው ግፊት ነው። እንግዲህ ሮቶውን በግቢው ጥግ በ2 ሜትር የብረት ማማ ላይ አስቀምጦ፥ መኪናውን ከዚያ ጋር አገናኝቶ፥ «ፋብሪካው አታለለኝ» ማለት ፍርድ አይደለም። ከተማችንም ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ሜዳ በብዙ መቶ ሜትር ቍልቍል የምትወርድ ስለሆነች፥ በአንዱ ሰፈር የሚፈነጥቀው ውሃ በሌላው ሰፈር እንደ ክር ቢቀጥን የሚያስደንቅ ነገር የለበትም።

ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የግፊቱ ነገር አይደለም። ባለፈው ክረምት በቤቴ ያለው መኪና ከቀን ወደ ቀን እየዘገየ ሄደ። ሮቶው ከፎቁ ጣራ ላይ፥ መኪናውም ከምድር ቤት ስለሆነ ከፍታ አልጎደለውም። አንድ ባለሙያ አስጠራሁ፤ እርሱም የመኪናውን ጀርባ እንኳ ሳያይ «ቫልቩ ሞቷል፥ መለወጥ አለበት» አለና ዋጋውን ነገረኝ። ገንዘቡ ስላሳሳኝ (ይህን መደበቅ አያስፈልግም) አስቀድሜ ራሴ ልየው ብዬ ሶኬቱን ነቀልሁ፥ የውሃውን መዝጊያ ዘጋሁ፥ ጎማውንም ከመኪናው ጀርባ ፈታሁት። ጎማው በሚታሰርበት አፍ ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ወንፊት አለ። በፒንሳ ጫፍ ቀስ አድርጌ ሳወጣው የወንፊቱ ዐይኖች አይታዩም ነበር። ቀይ ዝገት፥ ደቃቅ አሸዋና አረንጓዴ ልሃጭ መሰል ነገር ሸፍኖታል፤ በመካከሉም የአንዲት ትንኝ ክንፍ ተጣብቆ ነበር። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥቤ ወደ ቦታው መለስሁት፤ ሥራው ሁሉ ከሩብ ሰዓት አላለፈም። መኪናውም እንደ ቀድሞው ሞላ።

ሌላው ሰው በዚህ ተደስቶ ይቀመጥ ይሆናል። እኔ ግን ያን አተላ በመዳፌ ይዤ ሳለሁ የትንሿ ልጄ የውሃ ብርጭቆ ትዝ አለኝ። ወደ መኪናው የሚወርደውና ወደ ማድ ቤቱ የሚወርደው ውሃ ከአንድ ሮቶ፥ በአንድ ቧንቧ የሚመጣ ነው። መኪናው ወንፊት አለው፤ ልጂቱ ግን የላትም። ወዲያው ወደ ጣራ ወጣሁ። የሮቶው ክዳን ተሰንጥቋል፤ በላዩ የእርግብ ኵስ አለ፤ ከውስጥ ደግሞ በሥሩ አራት ጣት የሚሆን ዝቃጭ ተኝቷል። ከተተከለ አምስት ዓመት ሲሆነው አንድም ጊዜ አልተከፈተም ነበር። እኔም ስለ ንጽሕና ለሌሎች የምጽፍ ሰው ነኝ።

ሮቶው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ውሃው በፈረቃ የሚመጣ መሆኑን መርሳት አይገባም። ቧንቧው ባዶ ሆኖ በሚሰነብትበት ጊዜ ዝገቱ ይላላል፤ በስንጥቁም አፈርና ፍሳሽ ሊገባበት ይችላል። ከዚያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ውሃው ሲለቀቅ ያን ሁሉ ጠርጎ ይዞ ይመጣል። ሰዉም ከእንቅልፉ ተነሥቶ አንዲት ጠብታ እንዳታመልጠው ይሽቀዳደማል። የመጀመሪያውን ድፍርስ ውሃ በባልዲ ተቀብሎ ለግቢና ለመጸዳጃ ቤት ማዋል፥ ሲጠራም ወደ ሮቶው መልቀቅ የሚሻል ነው። ሮቶውን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ባዶ አድርጎ በብሩሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል። ከዚያም በውሃ ሞልቶ፥ ሽቱ ያልገባበትንና 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና ለ1000 ሊትር 1 ሊትር ሂሳብ ጨምሮ አንድ ቀንና ሌሊት ማቆየት፥ በመጨረሻም ያን ውሃ ማንም ሳይጠጣው ደፍቶ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። የሚጠጣው ውሃ ከዚህም በኋላ ቢፈላ አይከፋም።

እዚህ ላይ በብርቱ የምቃወመው አንድ ልማድ አለ። አንዳንድ ጠጋኞች ወንፊቱን አውጥተው ይጥሉታል። መኪናው ወዲያው በፍጥነት ይሞላል፤ ባለቤቱም መርቆ ይከፍላል። ነገር ግን የአሸዋ ቅንጣት በቫልቩ መክደኛ ሥር በገባች ጊዜ ቫልቩ ጨርሶ አይዘጋም፤ ውሃውም መኪናው ጠፍቶ ሳለ እንኳ እየሞላ ወለሉን ያጥለቀልቃል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በቤታችን ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ ይነግረን የነበረው ምስክር መጣሉ ነው።

ጉድለቱ ከመኪናው ይሁን ከቤቱ ውሃ ለመለየት ቀላል ፈተና አለ፤ መምህራንም ከተማሪዎቻቸው ጋር እንደ ሂሳብ ትምህርት ሊያደርጉት ይችላሉ። ጎማውን ከመኪናው ፈትቶ 10 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ውስጥ መልቀቅና ሰዓት መያዝ ነው። ባልዲው በአንድ ደቂቃ ገደማ ከሞላ የቤቱ ውሃ በቂ ነው፤ ወንፊቱ ከታጠበም በኋላ መኪናው ከዘገየ በእርግጥ ቫልቩ ታሟልና ባለሙያ ይጠራ። ሦስትና አራት ደቂቃ ከፈጀ ግን መኪናውን መተው፥ ጎማው ታጥፎ፥ መዝጊያውም በግማሽ ተዘግቶ እንደ ሆነ ማየት፥ ከዚያም ወደ ሮቶው መውጣት ነው።

ግፊት ያነሰው ሰው ከሮቶው በኋላ ትንሽ ፓምፕ ቢያስገጥም አይነቀፍም። ፓምፑን በቀጥታ ከከተማው መስመር ጋር ማገናኘት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቧንቧው በኀይል ሲመጠጥ በተሰነጠቀበት ሁሉ በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባልና። የጎረቤትን ውሃ መሻማት አንድ በደል ነው፤ በጎረቤት ማድጋ ፍሳሽ መጨመር ደግሞ ሁለተኛ በደል ነው። ጊዜ ለማሳጠር ሲሉ የማለቅለቂያውን ዙር የሚቀንሱም አሉ። በሕፃን ልብስ ላይ የቀረ ዱቄት ሳሙና ቆዳን ያሳክካል፤ እናቲቱም ምግብ ነው ብላ ትጨነቃለች።

በቤቴ አሁን ወንፊቱ በየወሩ ይወጣል፤ ሥራውም የታላቁ ልጄ ሆኗል። በዚህ ወር ባወጣው ጊዜ ልሃጩም ትንኙም አልነበረም፥ ጥቂት አሸዋ ብቻ ተገኘ። ዝገቱ ግን አልቀረም። እርሱ ከግቢያችን አሮጌ የብረት ቧንቧ የሚመጣ ስለሆነ፥ ለቫልቩ ልከፍል የነበረውን ገንዘብ ለቧንቧው ማስለወጫ መነሻ አድርጌ እያጠራቀምሁ ነው።